ሠላሳ አንድ ቃላት፤ የአሜሪካ የሰንደቅ ዓላማ ቃለ መሐላ ታሪክና ሕግ

በአብዛኞቹ የአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የማለዳው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ተማሪዎች ከመቀመጫቸው ይነሳሉ፡፡ ፊታቸውን በክፍሉ ውስጥ ወደተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ አዙረው፣ ቀኝ እጃቸውን በልባቸው ላይ አድርገው፣ በእንግሊዝኛ 31 ቃላት ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር በአንድ ድምፅ ይላሉ፡፡ ሥርዓቱ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፡፡ ይሁን እንጂ ይህች አጭር ዓረፍተ ነገር ከ130 ዓመታት በላይ ባስቆጠረ ዕድሜዋ አራት ጊዜ ያህል ተሻሽላለች፣ ሁለት ጊዜ የአገሪቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ስለ መገደድና ስላለመገደድ አከራክራለች፣ ሕፃናትን ከትምህርት ገበታ አስባርራለች፣ የፕሬዚዳንት ምርጫ መከራከሪያም ሆናለች፡፡

ጉዳዩ ለእኛ ሩቅ አይደለም፡፡ በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል፣ በአትላንታና በሌሎችም ከተሞች የሚኖሩ ወገኖቻችን ልጆች በየማለዳው ከክፍል ጓደኞቻቸው ጋር ቆመው ይህንኑ ቃል ይላሉ፡፡ ‹‹ቃል ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ›› ሲባል እየሰማ ላደገ ወላጅ የአምስት ዓመት ልጅ ለባንዲራ ቃል ሲገባ ማየት ቀላል ነገር አይደለም፡፡ ልጄ የሚምለው ምንድን ነው? የአባቱን አገር መካዱ ነው ወይ? አልልም ቢልስ ምን ይደርስበታል? የሚሉ ጥያቄዎች መነሳታቸው አይቀርም፡፡ መልሱን ለማግኘት ታሪኩንም ሕጉንም ማየት ያስፈልጋል፡፡ የአሜሪካን ታሪክ በተመለከተ በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡

ቃሉ ምን ይላል?

ዛሬ በሕግ የታወቀው ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚከተለውን ይመስላል፡፡ ‹‹ለዩናይትድ ስቴትስ ኦፍ አሜሪካ ሰንደቅ ዓላማ፣ እንዲሁም ሰንደቅ ዓላማው ለቆመለት ሪፐብሊክ፣ ከእግዚአብሔር በታች ለሆነች፣ ለማትከፋፈል፣ ነፃነትና ፍትሕ ለሁሉም ለሆነባት አንዲት አገር ታማኝ ለመሆን ቃል እገባለሁ፡፡››

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል፡፡ በእኛ አገር ተማሪ ጠዋት ተሰልፎ ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል መዝሙር ይዘምራል፡፡ በንጉሡ ዘመንም፣ በደርግ ጊዜም፣ ከዚያ ወዲህም መዝሙሩ ተለዋወጠ እንጂ ሥርዓቱ በመሠረቱ አልተቀየረም፡፡ የሚዘምር ሰው አገሩን ያወድሳል፣ ይመርቃል፡፡ ቃል የሚገባ ሰው ግን ‹‹እኔ›› ብሎ ራሱን ያስራል፡፡ መዝሙሩን ከንፈሩን ብቻ እያንቀሳቀሰ የሚያልፍ ልጅ ያን ያህል የሚጠይቀው የለም፡፡ ‹‹ቃል እገባለሁ›› የሚለውን ያለ ፈቃዱ የሚል ሰው ግን የማያምነውን እንዲመሰክር ተደርጓል፡፡ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ለዓመታት የተከራከሩት በዚሁ ልዩነት ላይ ነው፡፡

የመጽሔት ዘመቻ የወለደው ቃል

ቃሉን የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የተባለ የባፕቲስት ሰባኪ ነው፡፡ ቤላሚ በ1855 በኒውዮርክ ግዛት የተወለደ ሲሆን፣ ክርስትናንና ሶሻሊዝምን አጣምሮ የሚሰብክ ሰው ነበር፡፡ ይኸው አቋሙ በቦስተን ከሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን ጋር ስላላስማማው በ1891 አገልግሎቱን ትቶ ‹‹ዩዝስ ኮምፓኒየን›› በተባለ፣ በወቅቱ በመላ አገሪቱ ይነበብ በነበረ የቤተሰብ መጽሔት ውስጥ ተቀጠረ፡፡

መጽሔቱ ከ1888 ጀምሮ አንድ ዘመቻ ይዞ ነበር፡፡ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በግቢው ሰንደቅ ዓላማ እንዲያውለበልብ ይቀሰቅሳል፣ ባንዲራዎቹንም ራሱ ይሸጣል፡፡ የዘመቻው መሪ ጄምስ አፕሃም ንግድንና የአገር ፍቅርን አጣምሮ የሚሄድ ሰው ነበር፡፡ በ1892 ክሪስቶፈር ኮሎምበስ አሜሪካ የደረሰበት 400ኛ ዓመት ሲቃረብ፣ በዓሉን በመላ አገሪቱ ትምህርት ቤቶች በአንድ ፕሮግራም ለማክበር ታሰበ፡፡ ቤላሚ ፕሮግራሙን እንዲያዘጋጅ ተመደበ፣ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰንም በዓሉ እንዲከበር አዋጅ አወጡ፡፡ ቃሉ በመጽሔቱ የታተመው ሴፕቴምበር 8 ቀን 1892 ነው፡፡ በኦክቶበር ወር በዋለው የበዓሉ ዕለትም በአገሪቱ ዙሪያ የሚገኙ ተማሪዎች በአንድነት አሉት፡፡

የመጀመሪያው ጽሑፍ 22 ቃላት ብቻ ነበሩት፡፡ ‹‹ለሰንደቅ ዓላማዬና ለቆመለት ሪፐብሊክ›› ብሎ ይጀምርና ‹‹የማትከፋፈል አንዲት አገር፣ ነፃነትና ፍትሕ ለሁሉም›› ብሎ ይደመድማል፡፡ የአሜሪካም ሆነ የእግዚአብሔር ስም የለበትም፡፡ ‹‹የማትከፋፈል›› የሚለው ቃል የገባው ያለ ምክንያት አይደለም፡፡ ሰሜንና ደቡብ የተፋጁበት የርስ በርስ ጦርነት ካበቃ ገና 27 ዓመቱ ነበር፡፡ ለተገነጠለ ክልል ሳይሆን ለአንዲት ሪፐብሊክ መታመን ማለት ለዚያ ትውልድ የደም ዋጋ የተከፈለበት ነገር ነው፡፡

የሌለውም ቃል ከሚገኘው እኩል ይናገራል፡፡ ቤላሚ ከነፃነትና ከፍትሕ ጋር ‹‹እኩልነት›› የሚለውን ለማስገባት አስቦ ነበር፡፡ ሆኖም በዚያ ዘመን ለሴቶችና ለጥቁሮች እኩል መብት መስጠትን የሚቃወሙ የትምህርት ባለሥልጣናት እንደማይቀበሉት ስለገመተ ተወው፡፡ ‹‹ለሁሉም›› የሚለው ቃል ገብቶ ‹‹እኩልነት›› የሚለው ቀረ ማለት ነው፡፡ ይኸው ለድሆች ይሟገት የነበረ ሰባኪ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ ስለሚመጡ ስደተኞች የጻፋቸው ነገሮችም ዛሬ ሲነበቡ የሚያኮሩ አይደሉም፡፡

‹‹ሰንደቅ ዓላማዬ›› ለምን ተሰረዘ?

የኒውዮርኩ የስደተኞች መቀበያ ኤሊስ ደሴት ሥራ የጀመረው ቃሉ በታተመበት በዚያው በ1892 ጃንዋሪ ነው፡፡ በተከታዮቹ ሦስት አሥርት ዓመታት ሚሊዮኖች ገቡ፡፡ ትምህርት ቤቱም የጣሊያኑን፣ የፖላንዱን፣ የሩሲያውን ልጅ አሜሪካዊ ማድረጊያ ቦታ ሆነ፡፡ ተማሪዎች ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ እንዲሰጡ በሕግ የደነገገችው የመጀመሪያዋ ግዛት ኒውዮርክ ስትሆን፣ ዓመቱም አሜሪካ ከስፔን ጋር ጦርነት የገባችበት 1898 ነበር፡፡

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ‹‹ሰንደቅ ዓላማዬ›› የሚለው ቃል ጥርጣሬ አሳደረ፡፡ ስደተኛው ልጅ ‹‹ሰንደቅ ዓላማዬ›› ሲል በልቡ የትኛውን እያሰበ ነው? የተወለደባትን አገር ባንዲራ ቢሆንስ? በ1923 በዋሽንግተን የተሰበሰበው የሰንደቅ ዓላማ ጉባዔ ቃሉን ‹‹የዩናይትድ ስቴትስ ሰንደቅ ዓላማ›› በሚል ተካው፤ በቀጣዩ ዓመት ‹‹ኦፍ አሜሪካ›› የሚለው ተጨመረበት፡፡ ቤላሚ በሕይወት ስለነበረ ለውጡን ተቃውሟል፤ የሰማው ግን አልነበረም፡፡

የዚህን ማሻሻያ ትርጉም ውጭ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ ከማንም በላይ ይረዳዋል፡፡ የተጠረጠረው በልጅ ልብ ውስጥ ያለው ሁለተኛ አገር ነው፡፡ ቃሉን ግልጽ ማድረግ ይቻላል፣ ልብን ግን በማሻሻያ ማስተካከል አይቻልም፡፡

ከተዘረጋ እጅ ወደ ልብ

ቤላሚ ቃሉን ብቻ ሳይሆን አቋቋሙንም አዘጋጅቶ ነበር፡፡ ተማሪው በወታደራዊ ሰላምታ ይጀምርና ‹‹ለሰንደቅ ዓላማዬ›› ሲል ቀኝ እጁን ወደ ባንዲራው ይዘረጋል፡፡ ይህ ሰላምታ ለአርባ ዓመታት ያህል ማንንም አላስከፋም፡፡ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ግን ፋሽስቶች በጣሊያን፣ ናዚዎች በጀርመን ተመሳሳይ ሰላምታ መስጠት ጀመሩ፡፡ በክፍል ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው የቆሙ የአሜሪካ ሕፃናት ፎቶግራፍ ዛሬ የሚያየውን የሚያስደነግጠው በዚህ የተነሳ ነው፡፡

ኮንግረስ ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕግ ያወቀው ጁን 22 ቀን 1942 በወጣው የሰንደቅ ዓላማ ሕግ ነው፡፡ እስከዚያ ድረስ ለ50 ዓመታት ያህል በልማድና በግዛቶች ሕግ የኖረ ነበር፡፡ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ሕጉ ተሻሽሎ የተዘረጋው እጅ ቀርቶ ቀኝ እጅ በልብ ላይ እንዲሆን ተደረገ፡፡ አንድ የአክብሮት ምልክት ትርጉሙን የሚያገኘው ከሚፈጽመው ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ ሌላው ዓለም በምልክቱ የሚሠራው ነገርም እንደሚለውጠው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፡፡

በሦስት ዓመት ውስጥ የተገለበጠው ፍርድ

ከቃሉ ታሪክ ውስጥ ለሕግ ሰው ዋነኛው ምዕራፍ ይህ ነው፡፡ በ1935 ሚነርስቪል በተባለች የፔንስልቬኒያ ከተማ የ12 ዓመቷ ሊሊያንና የ10 ዓመቱ ወንድሟ ዊሊያም ለሰንደቅ ዓላማ ሰላምታ አንሰጥም በማለታቸው ከትምህርት ቤት ተባረሩ፡፡ ልጆቹ የይሖዋ ምስክሮች እምነት ተከታዮች ናቸው፡፡ ለባንዲራ ሰላምታ መስጠትን ለተቀረጸ ምስል ከመስገድ ይቆጥሩታል፡፡ በዚያው ወቅት በጀርመን የሚገኙ የእምነቱ ተከታዮች ለሂትለር ሰላምታ አንሰጥም ብለው እየታሰሩ ነበር፡፡

ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ፡፡ ጁን 3 ቀን 1940፣ የጀርመን ጦር ፈረንሳይን እያጥለቀለቀ ባለበት ሰሞን፣ ፍርድ ቤቱ በ8 ለ1 ድምፅ ለትምህርት ቤቱ ፈረደ፡፡ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ፌሊክስ ፍራንክፈርተር፣ ብሔራዊ አንድነት የብሔራዊ ደኅንነት መሠረት መሆኑን፣ ይህ አንድነት በምን ዓይነት ሥርዓት እንደሚገነባ መወሰንም የፍርድ ቤት ሳይሆን የሕዝብ ተመራጮችና የትምህርት ኃላፊዎች ሥራ መሆኑን አተቱ፡፡ በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ሃርላን ስቶን ብቻ ነበሩ፡፡

ፍርዱ እንደተሰማ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች በይሖዋ ምስክሮች ላይ ጥቃት ተፈጸመ፡፡ ሰዎች ተደበደቡ፣ በሜን ግዛት ኬነበንክ ከተማ የመሰብሰቢያ አዳራሻቸው ተቃጠለ፡፡ በየቦታው ሌሎች ሕፃናትም ተባረሩ፡፡ የፍርድ ቤቱ ውሳኔ ስለ ሁከት አንድም ቃል አይናገርም፡፡ ነገር ግን የመንደር ጎረምሳ ‹‹ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንኳ ፈርዶባቸዋል›› ብሎ ሲነሳ የውሳኔውን ሐተታ አያነብም፡፡

ከዚያ በኋላ የሆነው በሕግ ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይታይ ነው፡፡ በ1942 በሌላ መዝገብ ላይ ከብዙኃኑ ጋር ድምፅ ሰጥተው የነበሩ ሦስት ዳኞች፣ ብላክ፣ ዳግላስና መርፊ፣ ያ ፍርድ ስህተት እንደነበር በይፋ ጻፉ፡፡ ስቶን ፕሬዚዳንት ዳኛ ሆኑ፣ አዳዲስ ዳኞችም ተሾሙ፡፡ በዌስት ቨርጂኒያ ደግሞ የትምህርት ቦርዱ በጃንዋሪ 1942 ሰላምታውን አስገዳጅ አድርጎ ነበር፡፡ እምቢ ያለ ልጅ ይባረራል፣ ወላጁም እስከ 50 ዶላር መቀጮና እስከ 30 ቀን እስራት ሊፈረድበት ይችላል፡፡ ባርኔት የተባሉ ቤተሰብና ሌሎች የእምነቱ ተከታዮች ከሰሱ፡፡

ጁን 14 ቀን 1943፣ በሰንደቅ ዓላማ ቀን፣ ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ፍርድ ቤቱ በ6 ለ3 ድምፅ የቀድሞ ፍርዱን ሻረ፡፡ ፍርዱን የጻፉት ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ናቸው፡፡ የሐተታቸው ፍሬ ነገር፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ ማንኛውም ባለሥልጣን በፖለቲካ፣ በአገር ፍቅር፣ በሃይማኖት ወይም በሌላ የአመለካከት ጉዳይ ትክክለኛው ይህ ነው ብሎ ደንግጎ ዜጎች በቃል ወይም በድርጊት እንዲመሰክሩለት ማስገደድ አይችልም የሚል ነው፡፡ ሐሳብን በግድ አንድ ለማድረግ የሚደረግ ጥረት መጨረሻው የመቃብር ቦታ አንድነት ነው ሲሉም አስጠንቅቀዋል፡፡ ጃክሰን ከሁለት ዓመት በኋላ በኑረምበርግ ናዚዎችን የከሰሱት የአሜሪካ ዋና ዓቃቤ ሕግ መሆናቸው ይታወሳል፡፡

ፍራንክፈርተር በአቋማቸው ጸንተው በልዩነት ጻፉ፡፡ ሰውየው ራሳቸው በ12 ዓመታቸው ከቪየና የመጡ አይሁዳዊ ስደተኛ ነበሩ፤ በታሪክ ብዙ ከተሰደዱ ሕዝቦች ወገን መሆናቸውንም በሐተታቸው መግቢያ አንስተዋል፡፡ ይህንን ልዩነት እንደ ጨካኝ ሰው ሐሳብ አድርጎ ማለፍ ተገቢ አይሆንም፡፡ የተቀበለችውን አገር አጥብቆ የሚወድ ስደተኛ ሐሳብ ነበር፡፡ ጃክሰን የተረዱት ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ነው፡፡ የሚወድ ሰው ማስገደድ አያስፈልገውም፣ የማይወድን ሰው ደግሞ ማስገደድ አያስወድደውም፡፡

የ1943ቱ ፍርድ ሌላም ጥቅም አለው፡፡ የተመሠረተው በሃይማኖት ነፃነት ላይ ሳይሆን በመናገር ነፃነት ላይ ነው፡፡ በዚህም የተነሳ ለይሖዋ ምስክሮች ብቻ የተሰጠ ልዩ ፈቃድ አይደለም፡፡ መናገር መብት ከሆነ አለመናገርም መብት ነው፤ ምክንያቱ ሃይማኖት ይሁን ፖለቲካ ወይም የግል ሐሳብ ለውጥ አያመጣም፡፡

‹‹ከእግዚአብሔር በታች››

የመጨረሻው ማሻሻያ የቀዝቃዛው ጦርነት ልጅ ነው፡፡ ‹‹ናይትስ ኦፍ ኮሎምበስ›› የተባለው የካቶሊክ ወንዶች ማኅበር በ1951 በራሱ ስብሰባዎች ‹‹ከእግዚአብሔር በታች›› የሚለውን ጨምሮ ማለት ጀመረ፡፡ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1954 ከስኮትላንድ የመጡት የፕሬስቢቴሪያን ሰባኪ ጆርጅ ዶከርቲ፣ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባሉበት ሲሰብኩ፣ ቃሉ እንዳለ ቢሆን የሶቪየት ኅብረት ልጆችም ለራሳቸው ባንዲራ ሊሉት የሚችሉት ነው አሉ፡፡ ኮንግረስ ፈጥኖ ሕጉን አወጣ፣ አይዘንሃወርም ጁን 14 ቀን 1954 ፈረሙበት፡፡

ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቆይቶ ማይክል ኒውዳው የተባለ ሐኪምና የሕግ ምሩቅ በካሊፎርኒያ ከሰሰ፡፡ መንግሥት ሃይማኖት እንዳያቋቁም ሕገ መንግሥቱ ከልክሎ ሳለ ልጄ በየቀኑ ይህንን እንድትሰማ መደረጉ አግባብ አይደለም የሚል ነበር ክሱ፡፡ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2002 ከሳሹን ሲደግፍ ታላቅ ቁጣ ተነሳ፤ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት በ99 ለ0 ድምፅ ውሳኔውን አወገዘ፡፡ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጁን 14 ቀን 2004 ጉዳዩን የዘጋው ግን በዋናው ፍሬ ነገር ላይ ሳይፈርድ ነው፡፡ አባትየው በልጅቷ አስተዳደግ ላይ ሙሉ የመወሰን ሥልጣን ስለሌለው በስሟ የመክሰስ መብት የለውም ብሎ አሰናበተው፡፡ በ2010 ያው የይግባኝ ፍርድ ቤት በሌላ መዝገብ በ2 ለ1 ድምፅ ቃሉ ሕገ መንግሥታዊ ነው ብሏል፡፡ ስለዚህ ሐረጉ ዛሬም አለ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በቀጥታ ፈርዶበት አያውቅም፡፡

ዛሬ በተግባር እንዴት ነው?

የፌዴራሉ ሕግ አቋቋሙን ይዘረዝራል፡፡ ሰው ይቆማል፣ ፊቱን ወደ ሰንደቅ ዓላማው ያዞራል፣ ቀኝ እጁን በልቡ ላይ ያደርጋል፡፡ ወንዶች የሃይማኖት ያልሆነ ቆብ ወይም ባርኔጣ ያወልቃሉ፡፡ የደንብ ልብስ የለበሱ ዝም ብለው ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣሉ፡፡ ይህንን ባለመፈጸም የሚጣል ቅጣት በሕጉ ውስጥ የለም፡፡

አብዛኞቹ ግዛቶች ትምህርት ቤቶች በየቀኑ ለቃሉ ጊዜ እንዲመድቡ ያዝዛሉ፡፡ በቴክሳስ ተማሪዎች ለግዛቲቱ ሰንደቅ ዓላማ የተዘጋጀ ሌላ ቃልም ይጨምራሉ፡፡ የ1943ቱ ፍርድ በሁሉም ላይ የሚሠራ ቢሆንም የአፈጻጸም ልዩነት አለ፡፡ በፍሎሪዳና በቴክሳስ ተማሪው ከቃሉ ነፃ የሚሆነው ወላጁ በጽሑፍ ሲጠይቅ ነው፡፡ የፍሎሪዳው ሕግ በ2008 በይግባኝ ፍርድ ቤት ታይቶ የወላጅ ፈቃድ መጠየቁ ተገቢ ነው ተብሏል፤ ሆኖም ነፃ የተደረገውን ተማሪ ተነስተህ ቁም ማለት አይቻልም ተብሎ ያ ክፍል ተሽሯል፡፡ በሌሎች የይግባኝ ፍርድ ቤቶችም ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተማሪ በጸጥታ ተቀምጦ መቅረት እንደሚችል ተፈርዷል፡፡ በተግባር ግን ሕጉን የማያውቅ መምህር ተማሪን የሚቆጣበት፣ ጉዳዩም ፍርድ ቤት የሚደርስበት ጊዜ አለ፡፡ ወላጅ መብቱን አውቆ በትሕትና ለርዕሰ መምህሩ ቢያስረዳ አብዛኛው ችግር እዚያው ያልቃል፡፡

ፖለቲከኞችም ቃሉን ለምርጫ ተጠቅመውበታል፡፡ በ1988 ምርጫ ጆርጅ ቡሽ አባትየው ተፎካካሪያቸውን ማይክል ዱካኪስን፣ የማሳቹሴትስ አስተዳዳሪ ሳሉ በ1977 መምህራን ቃሉን እንዲያስብሉ የሚያስገድድን ሕግ አልፈርምም በማለታቸው ክፉኛ ወቀሷቸው፡፡ ዱካኪስ ያንን ያደረጉት የግዛቲቱን ከፍተኛ ፍርድ ቤት አስተያየት ጠይቀው፣ ሕጉ ከሕገ መንግሥቱ ጋር እንደማይስማማ ከተነገራቸው በኋላ ነበር፡፡ የሕጉ መልስ ትክክል ነበር፤ በምርጫ ዘመቻ ላይ ግን አልጠቀማቸውም፡፡

የልጁ ቃልና የወላጁ መሐላ

አሁን ወደ ወገኖቻችን ጥያቄ እንመለስ፡፡ ብዙዎች የሚያምታቷቸው ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ፡፡

አንደኛው ልጁ በክፍል ውስጥ የሚለው ቃል ነው፡፡ ይህ በሕግ ፊት ምንም ውጤት የለውም፡፡ ዜግነት አይሰጥም፣ ዜግነት አይነጥቅም፣ የሌላን አገር ስም አያነሳም፣ ማንንም አያስክድም፡፡ የውጭ አገር ዜጋ የሆነ ልጅ ቢለውም የውጭ አገር ዜጋ እንደሆነ ይቀጥላል፡፡ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የራሳችን የፍትሐ ብሔር ሕግም ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ በራሱ ሕጋዊ ግዴታ ለመግባት ችሎታ እንደሌለው፣ ተገድዶ የተገባ ውልም ሊፈርስ እንደሚችል ይደነግጋል፡፡ የአምስት ዓመት ልጅ የማለዳ ቃል የመሐላ መልክ ያለው የትምህርት ቤት ሥርዓት ነው ብንል ከእውነቱ አንርቅም፡፡

ሁለተኛው ወላጁ ዜግነት ሲወስድ ቀኝ እጁን አንስቶ የሚፈጽመው መሐላ ነው፡፡ ይህ ከመጀመሪያው ፈጽሞ የተለየ ነው፡፡ ከ1795 ጀምሮ የአሜሪካ ሕግ ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ለሌላ መንግሥት ያለውን ታማኝነት ሙሉ በሙሉ እንዲተው ያዝዛል፡፡ መሐላው ሕገ መንግሥቱን መደገፍንና መከላከልን፣ ሕግ ሲያዝም መሣሪያ መታጠቅን ይጨምራል፡፡ በእምነቱ ምክንያት መሣሪያ የማይታጠቅ ሰው ይህንን ክፍል እንዲተው፣ መማል የማይፈልግም በማረጋገጫ ቃል እንዲተካው ሕጉ ይፈቅዳል፡፡ አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ የሚሆነው ፈተናውን ሲያልፍ ሳይሆን ይህንን መሐላ ሲፈጽም ነው፡፡ በሥነ ሥርዓቱ ላይ የሰንደቅ ዓላማው ቃልም ስለሚባል ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፡፡ ሕጋዊ ውጤት ያለው ግን መሐላው ብቻ ነው፡፡

ውጤቱ አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል፡፡ የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን በገዛ ፈቃዱ እንደተወ እንደሚቆጠር ይደነግጋል፡፡ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 ደግሞ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በመታወቂያ ያለ ቪዛ እንዲገቡ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠሩ መብት ሲሰጥ፣ የመምረጥና የመመረጥ፣ በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የመቀጠር መብት ግን አይሰጥም፡፡ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሁኔታ በሁለቱም አገሮች ሕግ ለብቻው የሚታይ ነው፡፡ በአሜሪካ በኩል ቋሚ መኖሪያ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አብሮት የሚኖር አሳዳጊ ወላጁ ዜግነት ሲያገኝ ያለ መሐላ በሕግ ኃይል ዜጋ ይሆናል፡፡

ነገሩ ከተለምዶ ሥጋታችን ተቃራኒ ነው ማለት ነው፡፡ በየቀኑ ቃል የሚገባው ልጅ በቃሉ ምንም አይቀየርበትም፡፡ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ምናልባትም ለፎቶግራፍ እየተዘጋጀ፣ የሚምለው አባት ወይም እናት ግን አንዱን ዜግነት ተቀብሎ ሌላውን ይተዋል፡፡ የሚያሳስበን የልጁ ሊሆን አይገባም፡፡ የራሳችንን መሐላ አስቀድሞ በቤት ውስጥ፣ በሚገባን ቋንቋ፣ መስመር በመስመር ማንበብ ነው የሚሻለው፡፡

ለማጠቃለል

የቃሉ ታሪክ የሚያሳየው እያንዳንዱ ትውልድ የራሱን ሥጋት እንደጨመረበት ነው፡፡ በ1892 መገንጠል ያስፈራ ነበርና ‹‹የማትከፋፈል›› ተባለ፡፡ በ1923 ስደተኛው ተጠረጠረና ‹‹ሰንደቅ ዓላማዬ›› ተሰረዘ፡፡ በ1942 ከናዚ ጋር መመሳሰል አሳፈረና እጁ ወደ ልብ ተመለሰ፡፡ በ1954 ኮሙኒዝም ያስፈራ ስለነበር የእግዚአብሔር ስም ገባ፡፡ በ1943 የተጻፈው ፍርድ ብቻ ከቃሉ ላይ የጨመረውም የቀነሰውም የለም፡፡ ያደረገው ነገር ቢኖር ቃሉን የማይፈልግ ልጅ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ መፍቀድ ነው፡፡

በእኔ አስተያየት ለ31ዱ ቃላት ክብደት የሰጣቸው ይህ ፈቃድ ነው፡፡ እምቢ ማለት የማይቻልበት መሐላ ማን ታማኝ እንደሆነና ማን እንደፈራ አይለይም፡፡ እምቢ ማለት በሚቻልበት ክፍል ውስጥ ተነስቶ የሚቆም ልጅ ግን ‹‹ነፃነትና ፍትሕ ለሁሉም›› ሲል፣ አጠገቡ ተቀምጦ ዝም ያለው ልጅም ከ‹‹ሁሉም›› ውስጥ እንደሚቆጠር በዓይኑ ያያል፡፡ ለየትኛውም አገር ሰንደቅ ዓላማ ሥርዓት ለማውጣት የሚቀመጡ ሰዎች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ከዚህ ታሪክ ሊወስዱት የሚገባው ትምህርት ይህ ይመስለኛል፡፡